ላያል ሺር እና አምስቱ ጥያቄዎች

የክለባችን ጸሐፊ ሾና ባለፈው ወር ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ ስለ ላያል አንድ ገጽ ይጻፉልን፤ ግድግዳው ላይ ከፎቶው ስር የሚሰቀል። ደስ የሚል ነገር ይሁን እንጂ፤ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ እንዳይመጡብን!» አለችኝ። ሳቅኩና ጻፍኩላት። አሥራ ስድስት የውድድር ዘመን፣ ሁለት መቶ ሰባ አንድ ጨዋታ፣ አራት ጊዜ የክለቡ ኮከብ፣ አንድ ዋንጫ። ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ናቸው። ገጹን ከላክሁ በኋላ ግን መልሼ አነበብኩት። ወደ አርባ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው፣ አንዲት ሐሰት ሳይጽፉ መዋሸት እንደሚቻል ከማንም በላይ ያውቃል።

ላያልን ያወቅሁት በአሥራ ሦስት ዓመቱ፣ ተማሪዬ ሆኖ ነው። አባቱ ከመንደራችን ከታራቡል በስተ ሰሜን ስንዴ የሚያርሱ፣ የጀርመን ዘር ያላቸው፣ ከእሑድ መዝሙር በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰው ነበሩ። ልጁም እንደዚያው ነው። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስጠይቀው፣ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል አቀርቅሮ ጠረጴዛውን ያያል። ፈተና ሲደርስ ከትምህርት ሰዓት በኋላ እያስቀረሁ አስጠናው ነበር። ማስጠናት ስል፣ ያው እኔ እላለሁ፣ እሱ ይደግማል። «ለምን?» ብሎኝ አያውቅም። ቲቸር ካለ፣ አለ ነው። በዚህ ዘዴ ታሪክን ሃምሳ ሁለት አምጥቶ አለፈ፤ እኔም ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ መሰለኝ።

ሜዳ ላይ ግን ሌላ ሰው ነበር። የእኛ የአውስትራሊያ ኳስ ሞላላ ናት፤ ስትነጥር ወዴት እንደምትሄድ እሷም አታውቀው። አማካይ ተጫዋች ማለት እሷን ቀኑን ሙሉ ሲከተል የሚውል፣ ሠላሳ ስድስት ሰው ከሚራኮትበት ሜዳ በእጁም በእግሩም እያወጣ ለአጥቂዎቹ የሚያቀብል ነው። ላያል በቁመት ከሁሉም ያንሳል። ጥበቡ አንድ ብቻ ነበር፤ ኳስ መሬት ስትወድቅ ሌሎቹ ማን እየመጣባቸው እንደሆነ ለማየት ቀና ይላሉ፣ እሱ ግን ጎንበስ ይላል። ጭንቅላቱን ከሰዉ ሁሉ ጉልበት በታች ሰዶ ይዟት ይወጣል። በእኛ ዘንድ ይህን የሚያደርግ ሰው፣ ጎል ከሚያገባው ይልቅ ይወደዳል። አሰልጣኛችን ቪክ ዳንስታን፣ ሥጋ ቤት የነበረው፣ ሌሎቹን ሲቆጣ «እናንተ ኳሷን እንደ አማታችሁ ነው ከሩቅ የምትሰግዱላት! እሱን እዩት፣ እንደ ሚስቱ እቅፍ ነው!» ይላቸው ነበር። ያኔ ላያል ሚስትም አልነበረው፤ ጆሮው ይቀላል።

በሃያ አንድ ዓመቱ አንድ ትልቅ የሜልበርን ክለብ ወሰደው። በሁለተኛው ቡድን አሥራ አንድ ጨዋታ ተሰለፈ። በዚያው ዓመት የአባቱ ልብ ታመመ፣ አዝመራም ደረሰ፣ ተመለሰ። ምነው ሲሉት «እዚያ ጫጫታ ነው» ከማለት ሌላ አንድ ቃል አልጨመረም። ለሌላ ሰው የዕድሜ ልክ ቁጭት የሚሆን ነገር፣ ለእሱ በሦስት ቃል አለቀ።

እኔ በዚያን ጊዜ የቡድኑ መልእክተኛ ነበርኩ። አሰልጣኙ ከመስመር ውጭ ሆኖ የሚለውን ይዞ፣ ጨዋታው እየተካሄደ ሜዳ ገብቶ ለተጫዋቹ የሚያደርስ ሰው ማለት ነው። ቪክ ስድቡን ያሸክመኛል፤ እኔ መንገድ ላይ ስድቡን ጥዬ ምክሩን አደርሳለሁ።

አሁን ወደ ሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ልምጣ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር። ሴፕቴምበር ነው፣ ጨዋታው ከሚንያንግ ጋር፣ ያሸነፈ ለዋንጫ ያልፋል። መኪኖች ሜዳውን ዙሪያውን ከበውታል፤ ጎል በገባ ቁጥር ጥሩምባቸው አገር ያናውጣል። ከአራቱ የጨዋታ ሩቦች ሁለተኛው ሊያልቅ ሲል ላያል እንደ ልማዱ ጎንበስ አለ፤ የአንድ ግዙፍ የሚንያንግ ሰው ጉልበት ከጆሮው በላይ አገኘው። ድምፁን ከመስመር ሆኜ ሰማሁት። ሮጬ ደርሼ ሳነሳው ዓይኑ ተከፍቷል፤ የሚያየው ግን እኔን አልነበረም።

«ላያል፣ እኔ ማነኝ?»

«ቲቸር።»

«የት ነው ያለነው?»

አፈር አፈር እያየ፣ «የቤት ሥራውን አልሠራሁም» አለኝ።

የእረፍት ደወል ተደወለ። መልበሻ ክፍሉ በር ላይ ዶክተር ኢርቪን ቆሟል። ኢርቪን የመንደራችን ሐኪም፣ ለዘመኑ ጠንቃቃ ሰው ነበር። ጭንቅላቱን የተመታን ሁሉ አምስት ጥያቄ ይጠይቃል፤ ዛሬ ምን ቀን ነው፣ የት ነን፣ ከማን ጋር ነው፣ ውጤቱ ስንት ነው፣ የመጨረሻዋን ጎል ማን አገባ። አንዷን የሳተ ያንን ቀን አይጫወትም፤ ቪክ እንኳ ቃሉን አይሽርም። ችግሩ ጥያቄዎቹ ሁልጊዜ እነዚያው አምስቱ መሆናቸው ነበር። ክለቡ ውስጥ የማያውቃቸው አልነበረም።

ከሜዳው መሀል እስከ በሩ መቶ ሃያ እርምጃ ይሆናል። ክንዴን በብብቱ ስር አስገባሁ፣ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ አስጠናሁት።

«ቅዳሜ ነው። በል።»

«ቅዳሜ ነው።»

«ታራቡል ነን፤ ከሚንያንግ ጋር።»

«ታራቡል። ሚንያንግ።»

«በሦስት ነጥብ ተቀድመናል። የመጨረሻዋን ያገባው ኮሊን።»

«ኮሊን ማነው?»

ኮሊን የገዛ አጎቱ ልጅ ነበር። «ዝም ብለህ ኮሊን በል!» አልኩት።

በሩ ላይ አምስቱንም ሳያደናቅፈው መለሰ። ኢርቪን ዓይኑን በባትሪ አየና ወደ እኔ ዞሮ፣ «ደህና ነው እንዴ?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩ። እሱም ሰማያዊ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ።

በሦስተኛው ሩብ መልእክት ይዤ ስገባ ላያል እጅጌዬን ያዘኝ። «ቲቸር፣ ወደ የትኛው ጎል ነው የምንመታው?» በጣቴ አሳየሁት። ወደዚያ ሮጠ። በአራት ነጥብ አሸነፍን፤ ከሜዳው ሰው ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር። በሳምንቱም ለዋንጫው ተሰለፈ፣ ዋንጫውንም አመጣን።

ከሚንያንጉ ጨዋታ በኋላ በነበረው ሰኞ ግን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ ጠበቀኝ። «ቅዳሜ እንዴት ነበር?» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። ቆሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረኩለት፤ ጥቂት እያሳመርኩም ጭምር። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በክለቡ ባንኮኒ ላይ ያንን ጨዋታ ሲያወራ እሰማው ነበር። ወሬው የእኔ ነው፣ ቃል በቃል። የራሱ ቀን ከራሱ ጠፍቶ፣ በቦታው የእኔን ይዞ ኖረ።

አንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ድንጋጤ ነው ብዬ ራሴን አታልል ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ነገሩ ስም ወጣለት፤ «የቲቸር ማጠናከሪያ»። ላያል ወድቆ ሲነሳ ቪክ ከመስመር ላይ «ሂድ፣ ማጠናከሪያውን ስጠው!» ብሎ ይጮኻል፤ አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ዛሬ ስለዚያ ዘመን ሲነሳ ሰዉ ሁሉ «ያኔ ማን ያውቅ ነበር?» ይላል። ለብዙዎቹ እውነት ነው። እኔም በዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና አንብቤያለሁ፤ ያላወቀ ሰው ምን ያህል ይጠየቃል የሚለውን ክርክር ከሁለቱም ወገን ማቅረብ እችላለሁ፤ አቅርቤም አውቃለሁ፣ ለራሴ፣ ብዙ ቀን። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይሰበርብኛል። ካላወቅሁ፣ ድምፄን ለምን ዝቅ አደረግሁ? የአንጎልን ነገር አላውቅ ይሆናል። ኢርቪን መስማት የሌለበት ነገር እየተናገርኩ እንደሆነ ግን አውቅ ነበር። ማወቅ እንዲያ ነው መሰለኝ፤ ራስ ገና ሳያምን ጉሮሮ ቀድሞ ያምናል።

ላያል በዘጠና አራት ኳስ አቆመ። ሮዝሊንን አግብቶ ነበር፤ እሷም ተማሪዬ ናት። ስንዴውን አረሰ፣ ኪርስቲን ጨምሮ ሦስት ልጆች አሳደገ። ሃምሳ ሰባት ሲሆን በር ሳይዘጋ በጎች መንገድ ወጡበት። ቀጥሎ የአዝመራ ማሽኑን አስነስቶ ምን ሊሠራ እንደነበር ጠፋው። ቀጥሎ ቁጣው መጣ፤ በሕይወቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው በሮዝሊን ላይ ይጮህ ጀመር። ሐሙስ ሐሙስ እሷ ወደ ገበያ ስትሄድ ከእሱ ጋር የምቀመጠው እኔ ሆንኩ። መንደሩ «እንዴት ያለ ታማኝ ሰው ነው» ይለኛል።

ከስምንት ወር በፊት ላያልን ሜልበርን ላለች የአንጎል ሐኪም አሳይተው ሲመለሱ፣ ሮዝሊን ሻይ እየቀዳችልኝ የተነገራትን አወራችኝ። ሐኪሟ የኢርቪንን ሰማያዊ ደብተር ቅጂ አስመጥታ አይታለች። ሰባት ጊዜ ተመትቷል፣ ሰባቱም ጊዜ «ንቁ ነው፣ ሁሉንም በትክክል መልሷል» ይላል። «ይህን ያህል ቀላል ምት ለዚህ አያደርስም፤ ምናልባት በዘር ይሆናል አለችን። የላያልም አባት እኮ መጨረሻቸው አካባቢ ይዘባርቁ ነበር» አለችኝ። «ኪርስቲ ይህን ከሰማች ወዲህ ልጅ አልወልድም ብላለች። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ይለምናታል፣ እሷ ለሰው ልጅ እንዲህ ያለ ነገር አላወርስም ትላለች።»

እኔ ምን አልኩ? «እህ» አልኩ። ብስኩቴን ሻዩ ውስጥ ነከርኩ።

ስምንት ወር ሙሉ በየሐሙሱ ያ ቤት እየሄድኩ ዝም አልኩ። ያንን አንድ ገጽ ለሾና የጻፍኩትም በዚሁ መሀል ነው።

ባለፈው ሐሙስ ስደርስ ላያል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ብሎኖች በየመጠናቸው በጣሳ ይለያል፤ ለይቶ ሲጨርስ መልሶ ይደባልቃቸዋል። ሮዝሊን ወጥ ቤት ቦርሳዋን ይዛ ልትወጣ ነበር።

«ሮዝሊን፣ ቁጭ በይ። ያ ደብተር ውሸት ነው።»

«የቱ? የዶክተር ኢርቪን? እንዴ ቲቸር፣ በሙት ሰው አይፍረዱ እንጂ።»

«ኢርቪን የሰማውን ነው የጻፈው። መልሶቹ የላያል አልነበሩም፣ የእኔ ነበሩ። ከሜዳ ሳወጣው አስጠናው ነበር።»

ሳቀች። «ማጠናከሪያውን ነው? እሱንማ ማን ያላወቀ አለ! ቪክ በሠርጋችን ንግግር ሲያደርግ ቀልዶበት አዳራሹ በሳቅ...» አለችና ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ቀልድ አልነበረም እንዴ?»

«አልነበረም።»

«እኔም ስቄያለሁ እኮ» አለች፣ ለራሷ። ከዚያ ተቀመጠች። «ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም። መጀመሪያው ላይ ኮሊን ማን እንደሆነ አላወቀውም። ጎሉ የቱ እንደሆነ ጠይቆኛል።»

ቀና ብላ አየችኝ። በአሥራ አራት ዓመቷ ፈተና ስመልስላት የምታየኝ ዓይነት አልነበረም።

«ኪርስቲ አልወልድም ብላለች ብዬ ስነግርህ እዚያው ወንበር ላይ ነበርክ።»

«አዎ።»

«ብስኩት ትበላ ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ምክንያት ሞልቶኛል። ሁሉንም ትቼ «ፈራሁ» አልኩ።

«ምንን? ከሥራህ እንዳያስወጡህ ነው? ሰማንያ ሁለት ዓመትህ ነው!»

«ሐሙስን እንዳላጣ ነው የፈራሁት። እንዳትከለክይኝ።»

«ይቅርታ ልትጠይቀኝ ከሆነ የመጣኸው ለዛሬ ጊዜ የለኝም» አለች። ተነስታ የግድግዳውን ስልክ አነሳች፣ ቁጥሩን በጣቷ እየወጋች መታችና እጀታውን ዘረጋችልኝ። «ለእኔ አይደለም መናገር ያለብህ። ለእሷ ንገራት፣ እሷ ለሐኪሟ ታድርስ። ሐሙሱን ከዚያ በኋላ እናያለን።»

«እማዬ?» አለ የኪርስቲ ድምፅ።

«ቲቸር ነኝ።»

«አባዬ ምን ሆነ?»

«በረንዳው ላይ ነው፣ ደህና ነው። ኪርስቲ፣ ስለ አባትሽ ጭንቅላት ሐኪሟ የማታውቀው ነገር አለ። ያላወቀችው በእኔ ጥፋት ነው።» ነገርኳት። ምንም ሳላሳምር፣ ቪክ እንዲህ አለኝ እንኳ ሳልል። ዘር አይደለም ብዬ ማረጋገጥ እንደማልችል፣ ደብተሩ ግን ሊታመን እንደማይገባ። ስጨርስ ሮዝሊን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች።

«ቀኖቹን ያስታውሷቸዋል?» አለች ኪርስቲ።

«ሁሉንም። ቀኑን፣ ሜዳውን፣ ምን ያህል ጊዜ ወድቆ እንደቆየ።»

«ቆይ፣ የምጽፍበት ላምጣ።» መሳቢያ ሲከፈት ሲዘጋ ሰማሁ። አፍንጫዋን ጠረገች። «እሺ፣ በዝግታ ይበሉ።»

«ሴፕቴምበር አሥራ አምስት፣ ሰማንያ አራት። ከሚንያንግ ጋር፣ እዚሁ ሜዳችን ላይ። ከግራ ጆሮው በላይ። ወደ አንድ ደቂቃ ገደማ።»

የእስክሪብቶዋ ጭረት በስልኩ ውስጥ ይሰማኝ ነበር።

«እሺ» አለች። «ሁለተኛው?»