ባዶ ጉድጓድም ዝም ይላል

ሴትየዋ የምትሠራው መነጽር ቤት ነው። ከመሸጫው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ሌንስ ትቆርጣለች፤ ጠርዙን ሞርዳ ፍሬሙ ውስጥ ትገጥማለች። ከሥራ መልስ ደግሞ ልብ ወለድ ትጽፋለች። ዓመታት ደጅ ከጠናች በኋላ አንድ መጽሔት አጭር ልብ ወለዷን በኢንተርኔት ገጹ ላይ አወጣላት። አንድ ቤት ተከራይተው፣ ቃል ሳይለዋወጡ ስለሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ስለ ምላሰኛዋ አከራያቸውም የሚያወራ ነው። መስኮቱን ስለሚመታው ዝናብ የጻፈችውን አንቀጽ ስንት ጊዜ ሰርዛ ስንት ጊዜ እንደደለዘችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

የአንባቢዎች አስተያየት መምጣት ሲጀምር የሌንስ መቁረጫ ማሽኑን አጥፍታ ስልኳ ላይ ተደፋች።

«አከራይዋ ሴትዮ በሳቅ ገደለችኝ» ይላል አንዱ።

«‹ዝም ሲል ጥልቅ መስሎኝ አገባሁት፤ ለካስ ባዶ ጉድጓድም ዝም ይላል› ያለችውን ለጓደኞቼ ሁሉ ላክሁላቸው» ትላለች ሌላዋ።

ሦስተኛው፣ «ዝናቡ ሲረዝምብኝ ዘልዬ ወደ አከራይዋ ሄድኩ» ብሏል።

ስልኩን ገፋ አደረገችው። አከራይዋ የሷ አልነበረችማ። እያንዳንዱ ቃል የታናሽ እህቷ ነው። ታናሽየዋ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ስለሚቀድም ሰፈሩ «ምላጭ» ይላታል። ያንን የጉድጓድ ነገር የተናገረችው እናታቸው ቤት፣ ሳህን እያጠበች፣ የተፋታችውን ባሏን አንስታ ነው። ታላቅየዋ ሳህን እያደረቀች ሰማችና በልቧ ይዛው ሄደች።

«እኔ ስንት ቀን አምጬ፣ እሷ በአረፋ እጇ የጣለችውን ያነሳሉ» አለች ለራሷ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዲሁ ነበር። ትልቋ ትደክማለች፣ ትንሿ አንድ ቃል ጣል ታደርግና ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ምላጭ ታሪኩን ያነበበችው አንዲት ደንበኛዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር አስቀምጣ ነው። ወዲያው ደወለች።

«እትዬ፣ ያቺ አከራይ ግን ጉድ ናት። ከየት አመጣሻት?»

ታላቅየዋ አፏ ላይ የመጣውን እውነት ዋጠችው። «እንዲሁ መጣችልኝ» አለች። ያላወቀች መስሏት ደስም አላት፣ አፈረችም።

መጽሔቱ አንባቢዎችንና ጸሐፊዎችን ያገናኘ ቀን ምላጭ ፀጉር ቤቷን ዘግታ መጣች፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። አንድ ጎልማሳ እጁን አነሳ።

«አከራይዋ በሕይወት ያለች ሴት ናት?»

መነጽር ሠሪዋ እህቷን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «የለችም» አለች። «እኔው ነኝ የፈጠርኳት።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከሁሉ አስበልጣ ያጨበጨበችው ምላጭ ነበረች።

ወደ ቤት ሲሄዱ፣ መሻገሪያው ላይ መኪና እስኪያልፍ ቆመው ሳለ ምላጭ፣ «እትዬ» አለች፣ «ደህና አድርገሽ ነው የፈጠርሽኝ።»

ታላቅየዋ መሬቱ ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከጉድጓዱ ጀምሮ። ባሌን እኮ ነው የሰደብኩት፤ የገዛ ስድቤን ላላውቀው?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ።» ምላጭ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለች። «እኔ ብናገረው በማግስቱ ይረሳል። አንቺ ጽፈሽው ነው የቆየው። ግን ሰው ፊት ‹የለችም› ስትይ ከፋኝ።»

«ቀንቼብሽ ነው» አለች ታላቅየዋ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም ገረማት።

«በኔ? ቆሜ በምውለው?» ምላጭ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ተወችና ክንዷን ይዛ አሻገረቻት።

ታላቅየዋ የሰው ወርቅ አያደምቅ ብላ ሁለተኛውን ታሪክ አንዲት የእህቷን ቃል ሳታስገባ ጻፈችው። አንባቢዎች ቋንቋውን አመሰገኑ፤ ብዙዎቹ ግን፣ «ያቺ አከራይ የት ሄደች?» ብለው ጠየቁ። ቅናቱ እንደገና ተነሳባት። ቢሆንም በበነጋው ከሥራ ወጥታ በፀጉር ቤቱ በኩል አለፈች፤ ወንበር ስባ መስታወቱ አጠገብ ተቀመጠችና፣ «እስቲ ስለዚያ ስለ ባልሽ አውሪኝ» አለቻት። «በዚህኛው ከማን እንደሰማሁት እጽፋለሁ።»

«ስሜን እንዳትጽፊ» አለች ምላጭ፣ የደንበኛዋን ፀጉር እየከፈለች። «ደንበኞቼ ፈርተው ይቀራሉ።»