የመድኃኒት ሽታ

ያን ጊዜ ቆቦ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። ነጭ ጋወን ለብሼ ሰው መቆጣት የሥራዬ ግማሽ ነበር። ጉንፋን የያዘው ሁሉ ካፕሱል ስጪኝ ይላል። «ጉንፋን ቫይረስ ነው፤ ካፕሱሉ ምንም አያደርገውም» እላለሁ። «አንቺ መድኃኒት ትሸጫለሽ ወይስ ታስተምሪያለሽ?» ብለው ይስቁብኛል።

አልማዝ ባለጭራ ሲሆን ግን ድምፄ ከፍ ይላል። ወገብ ወይም ግንባር ላይ በአንድ በኩል ብቻ የሚወጣ፣ ውኃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ነው። በልጅነት ከያዘን የጉድፍ በሽታ የተረፈው ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖርና ሰውነት ሲደክም ይነሣል። አሲክሎቪር የሚባለው ክኒን አይገድለውም። ሕዋሳችን ውስጥ ገብቶ ራሱን ሲያባዛ መባዛቱን ያቋርጥበታል እንጂ። ይህን ለራያ ገበሬ ማስረዳት አይከብድም። «ማሽላህ ውስጥ እንደገባ አቀንጭራ ቁጠረው» እለዋለሁ፤ «ሳያብብ ከነቀልከው ዘሩን አይበትንም። ከበተነ በኋላ ብትነቅለው ምን ዋጋ አለው?» ሽፍታው በወጣ በሦስት ቀን ውስጥ ክኒኑን መጀመር ነው። ዘግይቶ የመጣውን ሁሉ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያልኩ ስንቱን አሳፍሬያለሁ።

አንድ ጠዋት እናቴ ከምትኖርበት ከዋጃ የመጣ ሚኒባስ ሾፌር መልእክት አመጣልኝ። እናቴ ግንባሯ ላይ ከትናንት ጀምሮ አልማዝ ወጥቶባታል። ክኒኑን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ በዚያው መኪና ሄድኩ።

በሩ ላይ አክስቴ ቆማለች። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ አባቴ ከሞተ ወዲህ በቤቱ የሚሰማው የእሷ ቃል ነው። ጠጋ ብላ አንገቴ ሥር አሸተተችኝ።

«አንቺ ልጅ፣ መድኃኒት መድኃኒት ትሸቻለሽ» አለች። «አልማዝ ሽታ አይወድም። ከመንገድ የመጣ ሰው እንኳ አላስገባሁም። ሽታ ካገኛት ወደ ዓይኗ ይወርዳል። ወላሂ አትገቢም።»

«አክስቴ፣ እኔ አልገባም። ይህን ክኒን ብቻ ትዋጠው።»

«ክኒኑስ አይሸትም እንዴ? ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ሦስት ቀን ተቀመጪ። ሽታው ሲለቅሽ ትገቢያለሽ ኢንሻአላህ።»

ቆቦ ላይ ቢሆን የምለውን አውቀው ነበር። እዚያ ግን የተባልኩትን አደረግኩ። ታጠብኩ፣ የአክስቴን ቀሚስ ለበስኩ፣ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እናቴ አፍንጫዋ ሥር ሎሚ ይዛ ውስጥ ተኝታለች፤ ስታቃስት ይሰማኛል። «መጣሽ ልጄ?» ትለኛለች ከውስጥ። «መጣሁ» እላታለሁ።

አክስቴን መጋፋት አቅቶኝ አልነበረም። አንድ ጊዜ ከብት ልታጠጣ ወርዳ ቤቱ ክፍት ነበር። ፈርቼ ነው። ክኒኔን ውጣ ዓይኗ ቢጠፋ ዋጃ ሁሉ «ልጇ አጠፋቻት» ይላል። ባልሰጣት ግን ጥፋቱ የበሽታው ነው። ይህን ቦርሳዬን እንዳቀፍኩ ደህና አድርጌ አስቤዋለሁ። ከዚያ በኋላ ማሰቡም ቀረ። የቀረበልኝን በላሁ፣ ሲመሽ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን አክስቴ አሽትታኝ አስገባችኝ። የእናቴ ግራ ዓይን አብጦ ተደፍኗል። ክኒኑን ሰጠኋት፣ ሆስፒታልም ወሰድናት። ሐኪሙ «መቼ ጀመራት?» አለኝ። ነገርኩት። ምን እንደምሠራ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ዓይኗ አልተመለሰም። ማንም አልወቀሰኝም። እኔም አላለቀስኩም፤ ማልቀስ እንደነበረብኝ ግን አውቃለሁ።

ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። ጉንፋን የያዘው ካፕሱል ሲጠይቀኝ እሰጠው ጀመር። «ዘንድሮ ደግሞ ጨዋ ሆነሻል» ይሉኛል።

አሁን ሽፍታው የነበረበትን የእናቴን ግንባር ቅባት የምቀባላት እኔ ነኝ። «እዚህ ጋ ስትነኪኝ አይሰማኝም» ትላለች። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ወሬዋ አንድ ነው። «ሁለተኛውም ዓይኔ የተረፈው በሷ ነው» ትላቸዋለች። «መድኃኒት ቤት እየሠራች፣ ክኒኑን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ፣ ሽታ እንዳያገኘኝ ለኔ ብላ ሦስት ቀን በሩን ሳታልፍ ደጅ ተቀመጠች። አላህ ወሮታዋን ይክፈላት።»

ሁሉም አሚን ይላሉ። እኔም አሚን እላለሁ።