አፈር አፈር የሚል ሽቶ

ፀዳለ ጅግሶ ሽቶ ሳትቀባ ሃምሳ አምስት ዓመት ሞላት። ቸግሯት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያኗም አልከለከላትም። ቡና ቀማሽ ነበረች። ቡና ቀማሽ ምን እንደሚሠራ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ነጋዴው ከየወረዳው የሰበሰበው ቡና ከመሸጡ በፊት ናሙናው ይቆላል፣ ይፈጫል፣ የፈላ ውሃ ይፈስበታል። ቀማሹ በማንኪያ ፉት ይልና አፉ ውስጥ አንከባሎ ይተፋዋል፤ ከዚያ ደረጃ ይሰጠዋል። በዚያች ማንኪያ የስንቱ ቤት ዓመት ይወሰናል መሰላችሁ!

ስለዚህ መቅመሻው ክፍል ሽቶ ተቀብቶ መግባት ነውር ነው። ሽቶ ብቻ ቢሆን ደግ፤ የፀጉር ቅባቱ፣ መዓዛ ያለው ሳሙናው፣ ማታ የተበላው ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ክልክል ነው። ፀዳለ በሰርጓ ቀን እንኳ ሚዜዎቿ ሽቶ ሊረጩባት ሲያሳድዷት፣ «ኧረ ሰኞ ሥራ እገባለሁ!» እያለች በጓሮ በር ነው ያመለጠቻቸው።

ጡረታ በወጣች በሳምንቷ፣ ግንቦት 2007 መሆኑ ነው፣ «አሁንስ እንደ ሰው ልሽተት» ብላ ዲላ ገበያው ዳር ወዳለው የአብዱልአዚዝ ሱቅ ሄደች። አብዱልአዚዝ የአባቱን ሱቅ የወረሰ ጨዋታ አዋቂ ነጋዴ ነው። ሲያያት ከመቀመጫው ተነሣ።

«እትዬ ፀዳለ! ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?»

«ሽቶ ልገዛ ነው። ደህናውን አምጣና እንዳትሸውደኝ።»

«እርስዎን? እርስዎን ማን ሸውዶ!»

ጽጌረዳ የሚሸተውን አቀረበላት። እንደ ልማዷ አፏን ገርበብ አድርጋ ሳበችውና፣ «መግቢያው ላይ ይጮኻል፣ መውጫው ላይ ማንም የለም» አለች። ቫኒላውን ሲሰጣት «ኬክ ቤት ልቀጠር ነው እንዴ?» ብላ መለሰችለት። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን እንዲሁ ጣለችው። በመጨረሻ አብዱልአዚዝ የተቆላ ቡና የያዘ ብልቃጥ ገፋ አደረገላት፤ ሽቶ ሻጮች ደንበኛቸው ሽታው ሲምታታበት አፍንጫውን እንዲያጠራ የሚያስሸትቱት ነው።

«አፍንጫዎን ያሳርፉበት።»

ፀዳለ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ስሠራበት በኖርኩት ላይ ልረፍ? ይሄ ደግሞ ከርሟል፤ ቀይረው።» አለችና እንደ ቀማሽ ወግ አፍንጫዋን ልታጠራ የገዛ ክንዷን እጥፋት አሸተተች።

ሰውየው ትንሽ እልህ ያዘው መሰል፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጥቁር ትንሽ ጠርሙስ አወጣ። «ይሄን ሰው አይደፍረውም። ጥቁር ነው፣ ደረቅ ነው። ላዩ ካካዎ ነው፤ ሥሩ ፓቹሊ የሚባል የሩቅ አገር ቅጠል ነው። ድሮ ነጋዴዎች ጨርቃቸውን ብል እንዳይበላባቸው መሃሉ ይከቱት ነበር አሉ።»

የእጇ አንጓ ላይ ጠብ አደረገላት። መጀመሪያ ካካዎው መጣ፤ ስኳር ያልነካው፣ መረር ያለ። ቀጥሎ ደረቅ እንጨት የሚመስል ነገር። ከዚያ ከሥር ከሥሩ፣ ቀስ ብሎ፣ አፈር። ፀዳለ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ምነው እትዬ፣ አመመዎት?»

«ይሄን ሽታ አውቀዋለሁ።»

«ገዝተው ያውቃሉ?»

«ደረጃ ቀንሼበት አውቃለሁ።»

አብዱልአዚዝ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

በቡና ሙያ አፈር መሽተት ትልቅ ጉድለት ነው። ከስምንት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ ቁጥር እንጂ የባለቤት ስም ከሌለባቸው ስኒዎች መካከል፣ አንዱ ይህንኑ ሸተተ። ፀዳለ ገና ማንኪያውን ሳትነክር የማን እንደሆነ አወቀች። አባቷ አቶ ጅግሶ ጨለለቅቱ ላይ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ እየሰበሰቡ ለገበያ ያቀርቡ ነበር። ካፖርታቸው ዓመት ከዓመት መጋዘኑ ውስጥ ከጆንያው በላይ ተሰቅሎ የጀንፈሉንና የመጋዘኑን አፈር ሽታ ሲጠጣ ይኖራል፤ እሷም በልጅነቷ በክረምቱ ብርድ በዚያ ካፖርት ተጠቅልላ ነው የተኛችው። እንዴት ይጠፋታል? ግን «አፈር» ብላ ጻፈችና ደረጃውን ጣለችው። የሌላ ሰው ቢሆንም ያንኑ ነበር የምትጽፈው።

ጥፋቷ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ዘመድ አዝማዱ «የአባቷን ቡና ገደል ከተተችው!» ብሎ ሲነሣባት ፈራች። በሽማግሌዎችም በአባቷም ፊት ቆማ፣ «እኔ የማየው ቁጥር ነው፤ የሱ መሆኑን በምን አውቄ? እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ አላወቅሁም» አለች። አቶ ጅግሶም፣ «አላወቅሁም አለቻችሁ እኮ፣ ተዉአት» ብለው ነገሩን ዘጉት።

አንድ ነገር ግን አብሮ ተዘጋ። ከልጅነቷ ጀምሮ ወደ ቤት በመጣች ቁጥር አባቷ ጭብጥ ቡና መዳፏ ላይ አድርገው «በይ፣ አሽትቺና ንገሪኝ» ይሏት ነበር። አፍንጫዋን አፍንጫ ያደረጉት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ አቀፏት፣ አበሏት፣ መረቋት፤ ያቺን ጭብጥ ግን ከለከሏት። ስምንት ዓመት! ፀዳለ ሌላውን ሁሉ ትችለዋለች፣ በዚህ ግን አንጀቷ ያርር ነበር። እንዳትጠይቅ ደግሞ ውሸቷ አፏን ይዟታል።

«ጠቅልልልኝ» አለችው አብዱልአዚዝን።

በነጋታው ሽቶውን አንገቷ ላይ ተቀብታ ወደ ጨለለቅቱ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረች። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ደጋግማ አሸተተችና፣ «እህቴ፣ ጀንፈል ጭነሻል እንዴ?» አለቻት። «ኃጢአቴን ነው የጫንኩት» አለች ፀዳለ፤ ሴትዮዋ ከዚያ ወዲያ አልጠየቀችም።

አቶ ጅግሶ በረንዳው ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ሰው የሚለዩት በድምፅና በሽታ ነው። «እኔ ነኝ፣ አባ» ብላ ጎንበስ ስትል አቀፏት፤ አቅፈውም አንገቷ ሥር ቀሩ።

«ካፖርቴን ከየት አገኘሽው? ከተቀዳደደ ስንት ዘመኑ!»

ፀዳለ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። «አባ፣ ያን ጊዜ አውቄው ነበር። ሳልቀምሰው በፊት፣ ገና በሽታው፣ ያንተ መሆኑን አውቄያለሁ። በሰው ሁሉ ፊት ዋሸሁህ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ።

«ደረጃውስ?» አሉ።

«ደረጃው ልክ ነበር። ዛሬም ብትሰጠኝ ያንኑ ነው የምሰጥህ።»

«አዎ፣ ልክ ነው። የዚያን ዓመት የቡና ማስጫው አልጋ ሞልቶብኝ መሬት ላይ ነው ያሰጣሁት፤ ይሄ ጠፍቶኝ ነው? ደረጃው መች ከፋኝ!» ትከሻዋን ያዙ። «የከፋኝ፣ ልጄ ጠረኔን ሳታውቀው ቀረች ብዬ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ልጄን ከተማ በላት እያልኩ ነበር።»

ፀዳለ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እሳቸው ግን ግድግዳውን እየዳበሱ ወደ ጓዳ ገብተው፣ ጭብጣቸውን ዘግተው ተመለሱ።

«በይ፣ አሽትቺና ንገሪኝ።»

«ቆይ አባ፣ ቆይ!» አለችና እየሮጠች ወደ ውሃው ጀሪካን ሄደች። ሽቶ ተቀብቶ ቡና አይሸተትም። አንገቷንም እጇንም ፈትጋ ታጠበች፤ ተመልሳ መዳፏን ዘረጋች፤ አፏን ገርበብ አድርጋ በረጅሙ ሳበችው።

«አባ» አለች፣ «አሁንም አፈር አፈር ይላል።»

አቶ ጅግሶ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ይቺ ናት ልጄ!» አሉ።