እስከ ቅዳሜ ንጋት በአቡነ ዮሴፍ ተራራ

ከወገል ጤና የተነሣሁት ማክሰኞ ጧት፣ አንድ ካሜራ፣ የተዋስኩት ድንኳንና ሁለት ብርድ ልብስ ይዤ ነው። "ምን ልትሠሪ?" ላለኝ ሁሉ መልሴ አንድ ነበር፤ ለግድግዳዬ። ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ አበላሽቼ አበላሽቼ ነው የለመድኩት። ደንበኞቼ የሚነሡት ከኋላቸው በተሰቀለ ሸራ ፊት ነው። ሸራው ላይ የማን አገር እንደሆነ የማላውቀው ፏፏቴና ዘንባባ አለ። ባለፈው ጥምቀት ልጇን ልታስነሣ የመጣች አንዲት ሴት ሸራውን ትክ ብላ አየችና፣ "ይኼ ውኃ የት ነው?" አለችኝ።

"እንጃ" አልኳት።

"እኛስ አገር የለንም?" ብላ ሣቀች። እኔ ግን አልሣቅሁም። እንዲያውም ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። መስከረም ሲጠባ፣ አደይ አበባው ሳይረግፍ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ወጥቼ የራሳችንን ሸራ አነሣለሁ አልኩ።

ጋሸና ላይ መኪና ቀየርኩ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኙ አደይ ነው፤ ሾፌሩ እንኳን ሙዚቃውን ቀነስ አድርጎ ያይ ነበር። ላሊበላ አደርኩና በማግስቱ ገና ጎህ ሲቀድ ከተራራው ሥር ወዳለችው ገነተ ማርያም ሄድኩ።

ረቡዕ

መንገድ መሪዬ አያ ሞላ ይባላል። ሃምሳ ያልሞላው፣ ቀጭን፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ገበሬ ነው። በስልክ ከተቀጣጠርን ሳምንት አልፎን ነበር። ጓዜን አይቶ፣ "እታለም፣ ይኼን ሁሉ በቅሎዋ ሳታየው ሸፍኚው፤ ካየችው አትነሣም" አለኝ።

እሱ በቅሎዋን ሲጭን ሚስቱ ጥሩዬ ስንቅ ልስጥሽ ብላ ወደ ጓሮ ጠራችኝ። በሶና ዳቦ አስያዘችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።

"የሞላ እናት ዐርፈዋል" አለች ቀስ ብላ።

እናቱ ለሕክምና ወልድያ እህቱ ዘንድ ነበሩ። እሑድ ዐርፈው እዚያው ተቀብረዋል። እሱ አልሰማም። ዘመዱ ተሰብስቦ፣ የነፍስ አባቱ ባሉበት፣ ቅዳሜ ንጋት ላይ መርዶውን ያረዱታል።

"ታዲያ እንዴት ከኔ ጋር ይሄዳል? ልቅር እንጂ!" አልኳት።

"ብትቀሪማ ይጠረጥራል። እዚህ ከዋለ ደግሞ ከጎረቤት ያንዱ ፊት ያወጣዋል። የኔን ዓይን እንኳን ጭስ ነው እያልኩ ነው የከረምኩት። ዓርብ ማታ አምጪልኝ፣ እህል ቀምሶ ይተኛ። ስልኩን ብቻ እታለም። ከስልኩ ጠብቂልኝ።"

እኛ ዘንድ ሞት በስልክ፣ በመንገድ ላይ፣ ለብቻ ለቆመ ሰው አይነገርም። ሰው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ አጠገቡ መኖር አለበት። ይኼን ሳውቅ ነው ያደግሁት። ራሴ ተሸክሜው ተራራ እወጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

"ጥሩዬ ምን አለችሽ? አማችኝ?" አለኝ ስመለስ።

"ብዙ ይበላል፣ ስንቁን ደብቂው አለችኝ።"

ሣቀ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህ ነበር።

ከገብስ ማሳዎቹ በላይ መንገዱ እየጠበበ ሄዶ ዋሻ ውስጥ ከተሠራችው፣ መኪና መድኃኔ ዓለም ከምትባለው ቤተ ክርስቲያን ደረስን። አያ ሞላ ጫማውን አውልቆ ገባ፣ ቆየ። ሲወጣ ፊቱ በርቷል።

"ለናቴ ነው። ድና ከመጣች ጥላ አስገባለሁ ብዬ ተሳልኩ" አለኝ።

ካሜራው አንገቴ ላይ ነበር። ከዋሻው አፍ የሚገባው ብርሃን ልዩ ነበር፤ አላነሣሁትም።

የአስታ ዛፍ ጫካውን አልፈን ጓሳ ሣር የሞላበት ሜዳ ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ድንኳን ተከልኩ። እሱ ለራሱ ከድንጋይ ካብ ሥር ጋቢውን እያነጠፈ ይመለከተኛል።

"ያለ ሠርግ ያለ ለቅሶ ድንኳን የሚተክል ሰው አንቺን ገና አየሁ!" አለ።

ካስማው ከእጄ ወደቀ። ብርድ ነው አልኩት።

ቀጥሎ ስልኩን አወጣ። "ሊዘጋ ነው። ያቺን ቻርጅ ማድረጊያሽን ታውሺኛለሽ? ነገ ጫፉ ላይ ኔትወርክ አለ።"

"ፓወር ባንኳ? አልቃለች። ላሊበላ መብራት አልነበረም።"

"እሺ" አለ፤ ስልኩን አጠፋና ደረቱ ውስጥ ከተተው። ማታ የካሜራዬን ባትሪ ከብርድ ልብሱ ሥር ደብቄ ፓወር ባንኳ ላይ ሰካሁ። ሌባ ሆኜ አላውቅም፤ ሌባ ምን እንደሚሰማው ግን ያን ዕለት ገባኝ።

ሐሙስ

ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ነጋ። ጅብራዎቹ፣ እነዚያ ከሰው የሚረዝሙ የደጋ ተክሎች፣ እንደ ተሰለፈ ሕዝብ ቆመዋል፤ በእግራቸው ሥር ቢጫና ነጭ አበባ ተነጥፏል። ፀሐይዋ ስትደርስባቸው ቅጠላቸው ላይ ያለው ውርጭ መንጠባጠብ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ሙሉ በጉልበቴ እየተንፏቀቅሁ አነሣሁ። አንድ ቀይ ቀበሮ ጉድጓድ አፍ ላይ ሲያደባ አየነው። አያ ሞላ ትከሻዬን ነክቶ፣ "ተንፍሺ እንጂ፣ አይበላሽም" አለኝ።

ጫፉ ላይ ስንደርስ ቀኑ ጠርቶ፣ ላስታ በሙሉ ከታች ተዘርግቶ ነበር፤ ገደል፣ ከገደሉ በታች ማሳ፣ ከማሳው በታች ሌላ ገደል።

"እዚህ በወጣሁ ቁጥር እደውልላታለሁ" አለ ስልኩን እያወጣ። "'አሁን ከበላይህ ያለው እግዜር ብቻ ነው፣ ሳትጮህ ለምነው' ትለኛለች።"

ስልኩን አበራው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ብልጭ አለና ጠፋ። ደግሞ ሞከረ። በቃ፣ ሞቷል።

"ባንቺ ስልክ እንዳልደውል ቁጥሯን በቃሌ አላውቀውም።" ወደ ወልድያ አቅጣጫ ጥቂት አየ። "እንግዲያው ፎቶ አንሺኝ። ወርጄ እልክላታለሁ።"

ጥቁሩ አለት ላይ ወጥቶ ቆመ፣ ጋቢውን አስተካከለ።

"ልኮስተር ወይስ ልሣቅ?"

"እንደ ወደድክ።"

"ኮስተር ካልኩ ታሟል ትላለች" አለና ጥርሱ ሁሉ እስኪታይ ሣቀ።

ዓይኔን ካሜራው ላይ አስጠግቼ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። እያስተካከልኩ መስሎታል። ለሚያለቅስ ሰው ካሜራ ደኅና መሸሸጊያ ነው።

ዓርብ

ከሐሙስ ምሽት ጀምሮ አያ ሞላ ዝም አለ። ቀልዱ ቀረ። ሁለተኛውን ሌሊት ከአስታው ዳር አድረን ስንወርድ፣ በቅሎዋን እየመራ ሃያ ርምጃ ከፊቴ ይሄዳል፤ ዞርም አይል። ዐወቀ አልኩ። ከፊቴ አንብቦታል።

ምንጭ ስንደርስ ውኃ ቀዳልኝና ቀና ብሎ ሳያየኝ ሰጠኝ። "አያ ሞላ" አልኩት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እንዲህ ከሚርቀኝ ልንገረውና ይገላገል፣ እኔም ልገላገል። ግን እዚያ ማን አለ? እኔ፣ በቅሎዋና ድንጋዩ። ቢወድቅ እንኳን ቀና የማደርግበት ጉልበት የለኝም።

"ምነው?" አለኝ።

"ውኃው ይቀዘቅዛል።"

"ምንጭ ነዋ" አለና መንገዱን ቀጠለ።

ማታ ጥሩዬ ትኩስ ሽሮ አቀረበች። እኔና እሷ አልበላንም፤ ሲበላ እናየው ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመረችለት።

ቅዳሜ

ገና ሳይለይለት የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ማንም አይናገርም፤ እግር ብቻ ነው። የነፍስ አባቱ በሩን በመቋሚያቸው መታ መታ አደረጉ። "ሞላ፣ ልጄ፣ ተነሥ" አሉ።

በሩን ከፈተ። ከቄሱ ኋላ ሽማግሌዎቹን፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ ከል የለበሰች እህቱን አየ። ማንም ቃል ሳይተነፍስ ጉልበቱ ታጠፈ። ሦስት ሰዎች መሬት ሳይነካ ያዙት። ጩኸቱን አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ ልሰናበተው ገባሁ። አጠገቡ ቄሱ ተቀምጠዋል።

"እግዜር ያጥናህ፣ አያ ሞላ።"

ቀና ብሎ አየኝ፤ ድምፁ ሻክሯል። "ያቺ ቻርጅሽ አላለቀችም ነበር።"

"አላለቀችም።"

"ሐሙስ ማታ ስትሰኪያት አራት መብራቷ በድንኳኑ ሸራ በኩል ይታየኝ ነበር። አልናገርም አልኩ እንጂ፣ ምን ያለች ስስታም ናት ብዬ ታዝቤሻለሁ። ለበቅሎዋ ሳይቀር ነግሬያታለሁ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ለእግዜር። አንተም ይቅር በለኝ።"

"ስእለቴስ፣ አባ? ሞታ ሳለ ነዋ ድናልኝ ያልኩት" አለ ወደ ቄሱ ዞሮ።

"ጥላውን አስገባ" አሉት። "ለነፍሷ ይሆናል። ልመናህን ተቀብሎ የሚያደርስበትን እሱ ያውቃል።"

ልነሣ ስል ነጠላዬን ያዘ። "ያችን ፎቶ አሳጥቢልኝ።"

"ስታያት ኀዘንህ አይብስብህም?"

"ቢብስም ይባስ። እዚያች ፎቶ ላይ እናቴ አልሞተችም።"

ቤቴ

ሰኞ ወገል ጤና ገባሁ። ከሳምንታት በኋላ የፏፏቴውን ሸራ አውርጄ፣ ደሴ ልኬ ያሳተምኩትን የጅብራ ሸራ ሰቀልኩ። የሰው ሁሉ ጥያቄ አሁን "ይኼ የት ነው?" ሳይሆን "በየት በኩል ይወጣል?" ሆኗል። የአያ ሞላን ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ፣ መስታወት አልብሼ፣ በሾፌር እጅ ላክሁለት።

እውነት ሁልጊዜ ቶሎ መነገር ያለበት ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እውነትም ቤትና ሰዓት እንዳለው፣ እስኪደርስ ድረስ የሚያቆየው ሰው ዋጋ እንደሚከፍልበት ዐወቅሁ። እኔ የከፈልኩት ሁለት ቀን ስስታም መባል ነው፤ ቀላል ነው።

ፓወር ባንኳ መደርደሪያዬ ላይ ናት። ደንበኛ ስልኬ ሊዘጋ ነው ሲለኝ፣ አራቱንም መብራቷን አብርቼ አሳየውና እሰጠዋለሁ።