ይስሃቅን ይቅርታ ልጠይቅ ቃሊቲ የሄድኩ ዕለት

ዓርብ ጠዋት አንድ ሰዓት፣ ናዝሬት

ከቤት የወጣሁት ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ይስሃቅ ጠቅልሎ እስራኤል ከመግባቱ በፊት ይቅርታ ልጠይቀው። ምጽዋ፣ ባህር ኃይል እያለን አንድ መርከብ ላይ ነበርን። እሱ ቤተ እስራኤል ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹ ያረድነውን ሥጋ አይበላም። ሽሮና ራሱ ያጠመደውን ዓሣ ግን ከእኔ ጋር ከአንድ ትሪ ይበላ ነበር። አንድ ቀን እኔ ጅሉ፣ ለጨዋታ ብዬ፣ ሽሮው ላይ የሥጋ መረቅ ጨመርኩበት። በልቶ ሲጨርስ ለመርከበኛው ሁሉ አወራሁ። ሳቅን። እሱ ወጥቶ አስመለሰ፤ ከዚያ ወዲህም ምግቡን ለብቻው አደረገ። ምን ዓይነት ሰው ነበርኩ!

ሚኒባሱ አስራ ስምንት ብር አስከፈለኝ። ሞጆ ላይ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መንገድ ዘግቶ ግማሽ ሰዓት ተገተርን። ከዱከም ወዲህ፣ ጤፍ ሲዘራበት የማውቀው ሜዳ የፋብሪካ አጥር ሆኗል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ቂሊንጦ ለታሰረ ወንድሟ ምሳ ይዛለች።

“አንቱስ ማንን ሊጠይቁ ነው?”

“የበደልኩትን ሰው።”

“ጎሽ አባቴ! ይቅር ለእግዜር ካሉት እምቢ አይልም” አለችኝ። ልቤ ትንሽ ተረጋጋ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ ቃሊቲ

የይስሃቅን የቤት ዕቃ ሱቅ የጠየቅኩት የስልጤ ብረታ ብረት ነጋዴ፣ “ቅዳሜ የሚዘጉት አድቬንቲስቶቹ ጋ ነው?” ብሎ በእጁ አመለከተኝ። አድቬንቲስት እንኳ አይደሉም ልለው ብዬ ተውኩት። በሩ ላይ አልጋና ቁም ሳጥን ተደርድሯል፤ የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ባህር ኃይሉ ሲበተን ይስሃቅ አናጢነት ተምሮ የከፈተው ሱቅ ነው። ሚስቱ የሶፋ ልብስ ትሰፋለች፤ ያገባችው ልጁ ራሄል ትሸጣለች። እሱና ሚስቱ ሲሄዱ ሱቁ ለእሷ ይቀራል።

“አንተ ተሾመ! አለህ እንዴ?” ብሎ አቀፈኝ።

እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ያዘኝ።

“ተው እንጂ! ይቅር ካልኩህ ስንት ዘመኔ።”

“የእውነትህን ነው?”

“የእውነቴን። ልጆች ነበርን።”

እፎይ አልኩ። እንባዬም መጣ።

ራሄል ሽሮ በቃሪያ አቀረበች። “ይብሉ እንጂ ጋሼ። አባቴ ከመርከቡ ሰው ሁሉ አብሮት መብላት የሚወደው እርስዎን እንደነበር ነግሮናል” አለችኝ። ስለ መረቁ እንዳልነገራቸው ገባኝ።

ደስታዬ ቢበዛ እንጀራውን ጠቅልዬ ጉርሻ ዘረጋሁለት። ይስሃቅ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው።

“ይቅርታ ተሾመ” አለኝ ቀስ ብሎ። “ልቤ ምንም የለበትም። አፌ ነው እምቢ ያለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከቤተሰቤ በቀር ከሰው እጅ አልጎርስም።”

ጭራሽ እሱ እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ! ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

ማታ፣ ናዝሬት

ይስሃቅ ሰንበቱ ሳይገባ ሱቁን ዘጋግቶ ታክሲ ድረስ ሸኘኝ። ቤት ስገባ ባለቤቴ፣ “ይቅር አለህ?” አለችኝ።

“አለኝ።”

“ታዲያ ፊትህ ምነው?”

ይቅር ከተባልኩ ሁሉ ነገር እንደ ድሮው የሚሆን መስሎኝ ነበር። አይሆንም ለካ። በእኔ ቀልድ ያ ሰው ሃያ ምናምን ዓመት ከወዳጅ እጅ ሳይጎርስ ኖረ፤ አሁንም ሳይጎርስ አገር ሊለቅ ነው።