የአባ እጀታ ማንኪያ

የሰፈሩ ሰው አባ እጀታ ይለዋል። እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የምታውቀው ባለቤቱ ብቻ ናት፤ እሷም ካልተቆጣች አትጠራውም። ጣታቸው የደረቀ አዛውንቶች ቢላቸውን፣ ኩባያቸውን፣ የበር ቁልፋቸውን ሳይቀር ተሸክመው ወደ ሱቁ ይመጣሉ፤ እሱም ለእጃቸው የሚስማማ የእንጨት እጀታ ይገጥምላቸዋል። መለኪያው አንድ ድብልብል የሸክላ ጭቃ ነው። መዳፋቸው ላይ ያኖርና «በሉ ጨብጡ፤ ደግሞ ጉልበት አታሳዩኝ፣ እንደ ልማዳችሁ» ይላል። ከዚያ ጣቶቹ የተዉትን ጉድጓድ እያየ እንጨቱን ይቀርጻል።

የሰው እጅ ሲያይ የዋለ ሰው የቤቱን እጅ ሳያይ ቀረ፤ ምን ይባላል! ባለቤቱ የተቆለመሙ ጣቶቿን ሻርፕ ውስጥ እየደበቀች ከረመች። አንድ ቀን ማንኪያው ከእጇ አመለጠ፤ ከዚያ ወዲያ ማዕድ ፊት መቀመጥ አስጠላት። ልጇ ላብላሽ ብትላት «አንቺን ያበላሁ እኔ! ሂጂ ወዲያ፣ በሰው እጅ ከምበላ ጦሜን ባድር ይሻለኛል» አለቻት። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሴትዮዋ ግን የምሯን ነው፤ በዓይናቸው ፊት ከሳች፣ ጉንጯ ገባ።  በገዛ እጇ ካልበላች እንደምትሞትበት ለአባ እጀታ ገባው።

ጭቃውን ይዞላት መጣ። ያን ለሰው ሁሉ የሚለውን ሳይላት፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «እስቲ ጨብጪው» አላት። ከንፈሯን ነክሳ ጨመቀችው። ጭቃው በጣቶቿ መሐል ሾልኮ ወጣ።

«ይኸው! ማን ነው ደከመች ያለው?» ብሎ ጮኸ፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

ለብርቱ እጅ የሚሆን ቀጭን፣ ሸጋ እጀታ ሠራላት። እሷም «እሰይ፣ እጅህ ይባረክ» ብላ ተቀበለችው። «ብቻ ሰው እያየኝ መብላት አልወድም፣ ውጡልኝ» አለች። ሳህኑ ባዶውን ይመለሳል፤ እሱም ሱቁ ለመጣው ሁሉ ይጎርራል።

አንድ ቀን ሞረዱን ረስቶ ቤት ተመለሰ። ባለቤቱ ሳህኑን በሁለት የእጅ አንጓዎቿ ይዛ ሾርባውን በመስኮት ስትደፋ አገኛት። 

«ምን መሆንሽ ነው አንቺ?»

«እጄ ማንኪያውን አልያዘልኝም» አለች ዓይኗን ሰብራ።

«ጭቃውን እንደዚያ ጨምቀሽው?»

«ፊትህን አይቼ ነዋ! እንዴት ብዬ ላሳዝንህ? ያን ሌሊት እጄን ሲጠዘጥዘኝ ነው ያደረው።»

ሊቆጣት ፈለገ። በማን ይቆጣል? ለባዳው ሁሉ ጉልበት አታሳዩኝ የሚል ሰው፣ ሚስቱ ላይ ሲደርስ ጉልበቷን ማየት ፈለገ። 

ሱቁን ዘግቶ እንደ አዲስ ጀመረ። አሁን መዳፏን ጭቃው ላይ አሳረፈች እንጂ አልጨበጠችም፤ የጣቶቿ ምልክት በጭንቅ ይታያል። እጀታውን ወፍራም ግን ቀላል አደረገው፤ የማንኪያውን አንገት ወደ አፍ አጎበጠው። ጣቶቿ ሲይዙት አልተንሸራተተም። አባትና ልጅ አጠገቧ ቆመው ያያሉ። ማንኪያው ከሳህኑ ተነሣ፣ መንገድ ላይ ቆመ፣ ተንቀጠቀጠና ጉልበቷን የሸፈነችበት ብርድ ልብስ ላይ ወደቀ። ደግማ ሞከረች፤ ያው ነው።

«እጀታህስ እንከን አይወጣለትም» አለችው። «ክንዴ ነው እምቢ ያለው። በጦም ብዛት አቅም አጣ።»

«ያኔውኑ ይህን ሠርቼልሽ ቢሆን ኖሮ…»

«ተወው በቃ።»

«እንግዲያው በሞቴ፣ አንዴ ብቻ ልስጥሽ» አላት፤ እንደምትቆጣ እያወቀ።

አልተቆጣችም። ማንኪያውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችና አፏን ከፈተች። አባ እጀታ ሾርባውን ቀድቶ አነሣ፤ እጁ ግን ተንቀጥቅጦ ግማሹን አገጯ ላይ አፈሰሰው። እሷ አፏን ሳትዘጋ ጠበቀችው።