ጠፈርተኞቹ ያረፉበት ቆላ

ነቀምቴ መናኸሪያ የተቆላ ኦቾሎኒ ሲሸተኝ ሳቄ ይመጣል።

ልጅ ሳለሁ መምህሩ አባቴ አንድ የእንግሊዝኛ የጠፈር ልብ ወለድ በአማርኛ እየመለሰ ያነብልኝ ነበር። መጽሐፉን ያገኘነው ኦቾሎኒ ሻጯ አዴ ጫልቱ ለመጠቅለያ ከሚገነጥሉት የአሮጌ መጻሕፍት ክምር ነው። ካፒቴኑ ከዋክብት መሃል መንገድ እንደጠፋው ገጹ አለቀ፤ የቀረው ተገንጥሏል! አባቴን በእጁ እየጎተትኩ መናኸሪያ ወሰድኩት።

«አዴ፣ የቀረውስ?»

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ እያዘኑ፣ «ጠዋት ለአንገር ጉቲን ተሳፋሪዎች ጠቀለልኩበት።»

አባቴ በሳቅ ፈረሰ። «በቃ፣ ጠፈርተኞቹ እዚያ አርፈዋላ! ከዚያ ሁሉ የጠፈር ብርድ በኋላ ቆላው ይሞቃቸዋል።»

አመንኩት። ዛሬም ለሥራ አንገር ጉቲን በወረድኩ ቁጥር፣ ኦቾሎኒዬን እየቆረጠምኩ፣ ከበቆሎው መሃል የመንኮራኩር ጫፍ ብቅ ይል እንደሆነ በመስኮት አማትራለሁ።